የሞተሩ ውሃ ወዴት ሄደ?



በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በጂጋና በመራዊ ዙሪያ ባለው ገጠር የመብራት መስመር ያልደረሰበት ቦታ ዛሬም አለ። በዚያ እህል የሚፈጨው በናፍጣ ሞተር ነው። ከወንዝ ውሃ ስቦ የበጋ ሽንኩርትና ድንች የሚያጠጣ ሞተርም አለ። ትራክተሩ፣ የጭነት መኪናው፣ በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ትልቁ ጀልባም የሚሠሩት በናፍጣ ሞተር ነው።

ሞተር ሲቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም። ወፍጮው ሲቆም እናቶች በቆሎና ዳጉሳ ተሸክመው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ አለዚያም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ። ፓምፑ ሲቆም ችግኝ ይደርቃል። ጀልባው ሐይቅ መሐል ሲቆም ደግሞ የሰው ሕይወት ያሰጋል።

ሞተርን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ጠብታ ውሃ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በትንሽ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ማንም ልብ አይለውም። ውሃ ጎደለ ሲባል ሰው ጀሪካን ይዞ ይሮጣል፤ ይሞላል፤ ያስነሳል። ነገም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ቀን ግን ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይዞርም።

ስለዚህ ውሃ ከመሙላት በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። የጎደለው ውሃ ወዴት ሄደ?

ሞተር ለምን ይግላል?

የናፍጣ ሞተርን የፈጠረው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ጥሩ ሆኖ የሠራው ሞተሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ተፈትኖ ታየ። በብዙ አገር ሞተሩ እስከ ዛሬ በዚሁ ሰው ስም ይጠራል።

ይህ ሞተር እሳት የሚጭር ነገር የለውም። ፒስተን የሚባለው ብረት ሲሊንደር በሚባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ እየወጣ አየሩን በኃይል ይጨምቀዋል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ የመንፊያው ጫፍ ይሞቃል። በሞተሩ ውስጥ ግን ጭመቃው እጅግ ብርቱ ስለሆነ ናፍጣው ገና እንደተረጨ በራሱ ይቀጣጠላል። እሳቱም ፒስተኑን ይገፋል። የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ይህ ግፊት ነው።

ከናፍጣው ጉልበት ውስጥ ለሥራ የሚውለው በግምት ከሦስት አንዱ እጅ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ግማሹ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ግማሹ ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል። ናፍጣው ሲነድ ሙቀቱ ከ1,500 ዲግሪ ይበልጣል። ብዙ ፒስተኖች የሚሠሩበት አልሙኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። እንግዲህ ሙቀቱን በየጊዜው ተቀብሎ የሚወስድ ነገር ከሌለ ሞተሩ ራሱን ያቃጥላል ማለት ነው።

ሙቀቱን ማን ይወስደዋል?

ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በተለያየ መንገድ ነው። የእናንተ ሞተር የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

አንደኛው በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው። በአካሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉት። ከትናንሽ የመስኖ ፓምፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ይህ ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃ የለውም፤ ስለዚህም አያፈስም። የእርሱ ጠላት በክንፎቹ መካከል የሚጠቀጠቅ ጭቃና ገለባ ነው። ያንን ጠርጎ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ክፍት የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው ነው። አንዳንዱ በራሱ ላይ ገንዳ ተሸክሟል። አንዳንዱ ደግሞ ከጎኑ በርሜል ይቆምለትና በሁለት ቱቦ ይገናኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 አካባቢ በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው፣ በኋላም በሕንድ ብዙ የተሠራው ሊስተር የሚባለው የወፍጮ ሞተር በበርሜል ውሃ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እዚህ ላይ ውሃው በራሱ ይዞራል። ትኩስ ውሃ ቀላል ስለሆነ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል። የቀዘቀዘው ከባድ ስለሆነ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ውሃው ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከወረደ ዙረቱ ይቋረጣል። በርሜሉ ከግማሽ በላይ ውሃ ይዞ ሳለ ሞተሩ ሊግል ይችላል። «ውሃማ አለው» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ውሃው ከላይኛው ቱቦ አፍ በላይ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ራዲያተር ያለው ነው። ትራክተርና መኪና እንዲህ ናቸው፤ ብዙ ትላልቅ ሞተሮችም እንዲሁ። ውሃውን ፖምፓ እያዞረ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ይወስደዋል። ራዲያተር ማለት ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተደረደሩበት ማቀዝቀዣ ነው። ማራገቢያው ነፋስ ሲሰድበት ውሃው ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይገባል። ይህ ውሃ በክዳን የታፈነ ነው።

ልዩነቱን የምናነሣው በምክንያት ነው። ክፍት ገንዳ ያለው ሞተር ደኅና ሆኖም ከውሃው ጥቂት ይተንበታል፤ መጨመሩ ያለ ነው። የታፈነ ራዲያተር ያለው ሞተር ግን ውሃ አይጠጣም። ቢጎድል የፈሰሰበት ቦታ አለ።

በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል

በደጋ የኖረ ሰው ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል ያውቃል። ምክንያቱ ምንድን ነው? በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ሙቀቱ ብዙ ሳይጨምር ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ይላሉ። በዚህ አገር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ክፍት ገንዳ ያለው ሞተር በእኛ አገር ከጠረፍ ይልቅ ቶሎ ይፈላበታል።

የራዲያተር ክዳን የተሠራው ለዚህ ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲላላ ወይም የውስጥ ጎማው ሲደርቅ ግን ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ በእንፋሎትም ይወጣል። ባለሞተሩ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን ከክዳኑ ነው።

ትልቁ አደጋም እዚሁ ላይ ነው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ክዳኑ ከተከፈተ የታፈነው ውሃ በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይፈነዳል። ዓይን ያጠፋል፤ ደረት ይልጣል። ስለዚህ የጋለ ሞተር ክዳን በምንም ምክንያት አይነካም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ራዲያተሩ ላይ እጅ ማሳረፍ ሲቻል በወፍራም ጨርቅ ያዙት፤ ፊታችሁን አዙሩ፤ ክዳኑን በጥቂቱ ብቻ አላሉት። እንፋሎቱ ፉጨቱን ጨርሶ ሲወጣ ያን ጊዜ ክፈቱ።

ሰው ከተቃጠለ ቁስሉ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ጭቃ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አንድ ጠብታ ምን ያህል ነው?

«አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አለ። እስቲ እንቁጠር።

በግምት 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ቀዳዳው በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢያወርድ በሰዓት 3,600 ጠብታ ነው። ይህም 180 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ነው። በ10 ሰዓት 1,800 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 2 ሊትር ገደማ ይሆናል። በገበያ ዋዜማ ወፍጮው ከጧት እስከ ማታ ሲሠራ 10 ሊትር ከሚይዘው ራዲያተር 2 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ጠብታው በማግስቱም ካልቆመ ሌላ 2 ሊትር ይሄዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ፍሳሹን እንዴት እናገኘዋለን?

ውሃ ከሞተር የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ይህ ለዓይን ይታያል። ሌላው ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ይህ አይታይም፤ የሚታወቀው በምልክት ነው።

ወደ ውጭ የሚፈስሰውን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ።

1. ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አካሉን በጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት። በቆሸሸና በዘይት በተለወሰ ሞተር ላይ ፍሳሽ አይታይም።

2. ውሃውን እስከ ልኩ ሙሉ።

3. ከሥሩ ደረቅ ካርቶን ወይም ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ሌሊቱን ያድር።

4. ጧት ወረቀቱን እዩ። የረጠበው ቦታ ከላይ ካለው ከየትኛው ክፍል ጋር እንደሚገጥም ተመልከቱ። ውሃ ግን በብረት ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከረጠበው ቦታ ተነሥታችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። የፍሳሹ ምንጭ ከሁሉ በላይ የረጠበው ቦታ ነው።

5. ምንም ካልታየ ሞተሩን አስነሥታችሁ ከሩቅ እዩት። ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ቀዳዳ አለ። የሚዞር ቺንጋና ማራገቢያ አጠገብ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ሻሽ ለብሳችሁ አትቅረቡ። እጃችሁንም አታስገቡ።

6. ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት የያዘ ቦታ ፈልጉ። ውሃው ደርቆ ጨዉ ሲቀር እንዲህ ይሆናል። እንስራ የምታንጠባጥብበትን ቦታ እናቶች የሚያውቁት በዚሁ ዓይነት ምልክት ነው።

እንዴት ይጠገናል?

ሀ. የጎማ ቱቦ። ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው ይህ ነው። ቱቦውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ጨመቅ አድርጋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ፣ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም እንደ ስፖንጅ ከላላ ይለወጥ። የተሰነጠቀው ጫፉ ብቻ ከሆነና ቱቦው ረዘም ካለ ጫፉን በስለት ቀጥ አድርጎ ቆርጦ መልሶ ማስገባት ይቻላል። ቱቦው የሚገባበትን ብረት ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት።

ለ. ፋሸታ። ቱቦውን ከብረቱ ጋር የሚያጠብቀው ቀለበት ነው። ከላላ በካቻቢቴ ይጠበቅ። ከልክ በላይ ከተጠበቀ ግን ቱቦውን ይቆርጠዋል። በሽቦ ማሰር ለመንገድ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ሽቦው ቀስ በቀስ ጎማውን ይበላዋል።

ሐ. ፖምፓ። ከፖምፓው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሞተር አለ። በዚህች ቀዳዳ ውሃ ከወጣ የውስጥ ጎማው አልቋል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ቀዳዳዋን በሙጫ ይደፍናታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለማስጠንቀቂያ ነው። ብትደፈን ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ፖምፓው ይሰበራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ፖምፓው ይፈታና ይጠገን፤ ወይም ይለወጥ።

መ. ራዲያተር። ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ከሆነ በከተማ የብየዳ ባለሙያ ይበይደዋል። ከአልሙኒየምና ከፕላስቲክ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ መለወጥ ይፈልጋል። በማራገቢያው በኩል ገለባና ትቢያ ስለሚሰካ በለስላሳ ብሩሽና በውሃ እጠቡት።

ሠ. ጋርኒሲዮን። በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ውሃና እሳት አፋኝ ስስ ንጣፍ ነው። የፖምፓ ጋርኒሲዮን መለወጥ ቀላል ሥራ ነው። በቴስታታ፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

መንገድ ላይ ወይም ማሳ ዳር ቱቦ ቢቀደድስ? ሞተሩን አጥፉ፤ ይቀዝቅዝ። ቱቦውን አድርቁ። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆርጣችሁ እየሳባችሁ ደራርባችሁ ጠምጥሙበት። በሁለቱም ጫፍ እሰሩት። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አታጥብቁት፤ ግፊቱ እንዳይበረታ። ሞተሩን ሳታስጨንቁ፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ እያያችሁ እስከ መጠገኛው ብቻ ሂዱበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ይህ ጥምጣም የአንድ ቀን ነው።

ውሃው ወደ ውስጥ ሲገባ

ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ አደረ፤ ውሃው ግን ጎደለ። ያን ጊዜ እነዚህን ምልክቶች ፈልጉ።

የመጀመሪያው ዘይት ነው። የዘይት መለኪያውን ብረት አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል። የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ካለም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ጭስ ነው። ሞተሩ ሞቆም ሳለ ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ ውሃው ከናፍጣው ጋር ወደ እሳቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጧት ሲነሣ ለአፍታ የሚታይ ነጭ ጭስ ግን አያሳስብም።

ሦስተኛው አረፋ ነው። ክፍት ገንዳ ወይም በርሜል ባለው ሞተር፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ከሥር አረፋ እየፈነዳ ከወጣ የእሳቱ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሞተሩን አታስነሡ። የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሎ ወይም ብረቱ ተሰንጥቆ ይሆናል። ውሃ የገባበት ዘይት አያለሰልስም፤ ብረት ብረትን ይበላል። ውሃ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳለ ሞተሩን በግድ ማዞርም የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል፤ ውሃ እንደ አየር አይጨመቅምና። መካኒክ ጥሩ። እርሱም ቴስታታውን አንሥቶ፣ ቀጥ ማለቱን ለክቶ፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ያስገባል። ብሎኖቹን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር በየተራ፣ በልኩ ያጠብቃል። ይህን በግምት መሥራት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ ቢግል

ወፍጮ ከሆነ እህል መጨመር አቁሙ። ፓምፕ ከሆነ ጭነቱን ቀንሱ። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃው አልቆ ከሆነ ወዲያው አጥፉት። ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ይመጣል፤ አታድርጉት። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋ ምን ይሆናል? ይሰነጠቃል። የሞተሩም ብረት እንዲሁ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ።

ቀዳዳ ለመድፈን ሲባል ዱቄት ወይም እንቁላል ወደ ራዲያተር መጨመርም አይበጅም። ቀዳዳውን ለጊዜው ቢይዘው እንኳ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናቸዋል።

ምን ዓይነት ውሃ ይግባ?

ድፍርስ የወንዝ ውሃ ደለል ይተዋል። አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ጀበና ውስጥ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያሳልፍ ውሃ ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ይግላል። ከጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከዚህ ይሻላል። የፋብሪካው መመሪያ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ባለቀለም የራዲያተር ፈሳሽ ይጨመራል። ፈሳሹ ዝገት ይከላከላል፤ በቀለሙም ፍሳሽን ያጋልጣል።

ነገር ግን ብዙው ዓይነት መርዝ ነው። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ሕፃን ወይም ከብት ሊጠጣው ይችላል። በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ አትድፉት።

በጣና ላይ

የቆጋ ግድብ ከመራዊ ከተማ አጠገብ በሜጫ ይገኛል። የተሠራው ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ነው። ውሃው በቦይ ቁልቁል ወርዶ ማሳ ይደርሳል፤ ለዚህ ሞተር አይፈልግም። ማሳው ከቦዩ ወይም ከወንዙ ከፍ ካለ ግን ውሃ በራሱ ሽቅብ አይሄድምና ፓምፕ ይመጣል። በምድር ላይ ያለው ፓምፕ ቢቆም ባለቤቱ በእግሩ ሄዶ መካኒክ ይጠራል። ጣና ላይ ግን መሄጃ የለም።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ የሚሻገር ባለናፍጣ ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በሁለት ውሃ ነው። አንዱ በሞተሩ ውስጥ ታፍኖ የሚዞር ውሃ ነው። ሌላው ከሐይቁ ተስቦ የመጀመሪያውን አቀዝቅዞ ወደ ሐይቁ የሚመለስ ነው። በባሕር ላይ የሸራ ጀልባዎች የሚይዙት ትንሽ የናፍጣ ሞተርም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይሠራል።

ባለጀልባ ሞተሩን እንዳስነሣ አንድ ነገር ማየት አለበት። በጀልባው ጎን ወይም በጭስ ማውጫው በኩል ውሃ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ካልወጣ ወዲያው ያጥፋ። የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፖምፓ ብዙ ጊዜ የጎማ ክንፎች አሉት፤ ያለ ውሃ ሲዞሩ ቶሎ ይቆራረጣሉ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ የታወቀው የእምቦጭ አረምም ሥሩና ቅጠሉ በውሃ መሳቢያው አፍ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያው ከጉዞ በፊት ይከፈትና ይጽዳ።

በጀልባ ውስጥ ፍሳሽ ሁለት አደጋ አለው። የታፈነው ውሃ ከፈሰሰ ሞተሩ ይቃጠላል። የሐይቁ ውሃ የሚገባበት ቱቦ ከተቀደደ ደግሞ ጀልባው ራሱ ይሞላል። በጀልባው ወለል ላይ ውሃ ሲታይ የየትኛው እንደሆነ መለየት ያሻል። በባሕር ቢሆን ጨው በመቅመስ ይለያል። ጣና ግን ጨው የለውም፤ የራዲያተር ፈሳሽም አይቀመስም። የሚለየው ቀለሙ ነው። ከሐይቁ የሚመጣውን ቱቦ ከመንቀል በፊትም ከሥሩ ያለው መዝጊያ ይዘጋ።

ደብተር ያዙ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ውሃው ወዴት ሄደ? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሄደ ማወቅ ይገባል። የሰው ልብ ይረሳል። ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚያሠራው ወፍጮ ከሆነ ደግሞ አንዱ የሞላውን ሌላው አያውቅም። ፊደል የለየ ሰው ግን ደብተር አለው።

ከሞተሩ አጠገብ አንድ ደብተርና እርሳስ በክር ታንጠልጥሉ። ሁልጊዜ በአንድ ጣሳ ለኩ። ቀኑን፣ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓትና የተጨመረውን ውሃ ጻፉ። ለምሳሌ፦

ሰኞ፤ 5 ሰዓት ሠራ፤ ግማሽ ጣሳ ውሃ።
ረቡዕ፤ 5 ሰዓት ሠራ፤ 1 ጣሳ ውሃ።
ዓርብ፤ 5 ሰዓት ሠራ፤ 2 ጣሳ ውሃ።

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው መካኒክ መሆን አያስፈልገውም። ሥራው እኩል ነው፤ ውሃው ግን በየተራው እጥፍ እየሆነ ሄዷል። ቀዳዳው እየሰፋ ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው አንድ ቱቦ ወይም አንድ ፋሸታ ይሆናል። ዝም ከተባለ ግን ፒስተኑ፣ ቴስታታው፣ ምናልባትም ሙሉ ሞተሩ ይሆናል። ይህ ልዩነት የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ሞተሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ የብዙ አባወራና እማወራ ገንዘብ ነው።

መካኒክም ሲመጣ ደብተሩን አሳዩት። «ውሃ ይጎድላል» ከማለት «በአምስት ቀን ውስጥ ከግማሽ ጣሳ ወደ ሁለት ጣሳ ደረሰ» ማለት ሥራውን ያቀልለታል።

እስቲ በኅብረት ተወያዩ

1. የእናንተ ቀበሌ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፣ በክፍት ገንዳ ነው ወይስ በራዲያተር?
2. የጋለ ሞተር ክዳን ቢከፈት ምን ይደርሳል?
3. በፖምፓው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ለምን አትደፈንም?
4. ከሞተሩ ሥር ምንም ሳይረጥብ ውሃው ቢጎድል ምን ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ?
5. ቀዳዳው በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢያወርድ በ10 ሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ይፈስሳል? በደብተራችሁ ላይ አስሉ።